የአንባቢያን ጥያቄ፦ የደረቀ ሽንኩርት ጥቅሙን የሚያጣው የት ላይ ነው?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። ቀይ ሽንኩርት ሲረክስ በብዛት እየገዛሁ ከትፌ ጣሪያ ላይ አደርቀዋለሁ፤ ከዚያም አስፈጭቼ በፌስታል እቋጥረዋለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላው ግን ይጓጉላል፣ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ሽታውም ይጠፋል። ፀሐዩ ጥቅሙን አጥፍቶት ይሆን? ማሸጊያውስ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ፀሐዩም ድርሻ አለው፤ ከገለጹልን ምልክቶች ስንነሳ ግን ዋናው ጉዳት የደረሰው ከደረቀ በኋላ፣ ፌስታሉ ውስጥ ነው።

ከትኩስ ሽንኩርት ክብደት 89 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ፣ 10 ኪሎ ተልጦ ሲደርቅ የሚተርፈው ከ1 ኪሎ ብዙም አይርቅም። በዚህም ምክንያት 100 ግራም ደረቅ ሽንኩርት ከ100 ግራም ትኩስ ሽንኩርት በማዕድንም በአሰርም እጅግ የበለጸገ ይመስላል፤ የጨመረ ነገር ግን የለም፣ ውሃው ወጥቶ ሌላው ተከማቸ እንጂ። ማዕድናቱና አሰሩ በማድረቅ ብዙም አይነኩም። ሙቀት፣ ብርሃንና ኦክስጅን የሚፈጁት ቫይታሚን ሲን ነው፤ ይሁንና 100 ግራም ትኩስ ሽንኩርት ከ7 ሚሊግራም ብዙም የማይበልጥ ቫይታሚን ሲ ስለሚይዝ፣ ለእርሱ ሲባል በሽንኩርት መጨነቅ ተገቢ አይመስለንም፤ ቃሪያና ብርቱካን አሉለት።

ሊጠበቁ የሚገባቸው ኬርሴቲን የተባለው ውህድ፣ ቀዩን ቀለም የሚሰጡት አንቶሲያኒኖች እና ሽታውን የሚያመጡት ድኝ አዘል ውህዶች ናቸው። ኬርሴቲን ሙቀትን በመጠኑ ይቋቋማል፤ ነገር ግን በውጨኛዎቹ ሽፋኖች ላይ ስለሚበዛ፣ ሲልጡ ሥጋማውን ሽፋን ደራርበው የሚጥሉ ከሆነ ገና ፀሐይ ሳይነካው አጉድለውታል ማለት ነው። አንቶሲያኒን በብርሃን ይጎዳልና የተከተፈውን ስስ ጨርቅ ያልብሱት። ሽታው ደግሞ ሽንኩርቱ ሲቆረጥ በኢንዛይም አማካይነት የሚፈጠር ስለሆነ፣ ከማድረቅ በፊት በፈላ ውሃ መንከር አይመከርም። ማድረቂያ ካገኙ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ የሽንኩርቱ ስኳር ከአሚኖ አሲዶች ጋር እየተዋሃደ ያጠቁረዋል። ክትፉ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ገና አልደረቀም።

ወደ ማሸጊያው ስንመጣ፣ ደረቅ ሽንኩርት ስኳሩ ብዙ በመሆኑ እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ ስሱ ፌስታል ደግሞ የውሃ ተንንና ኦክስጅንን ቀስ በቀስ ያስገባል፣ ሽታውንም ያስወጣል። መጓጎሉ የእርጥበቱ ምልክት ሲሆን፣ እርጥበቱ ከአዳማ ሙቀት ጋር ሲደመር ቡናማነቱን ያፋጥነዋል። የተሻለው ውስጡ በአልሙኒየም የተለበጠና አየሩ ወጥቶ በሙቀት የሚታሸግ ከረጢት ነው፤ እርሱ ካልተገኘ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የመስታወት ዕቃ እስከ አፉ ሞልተው ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። ሽንኩርቱ ሳይበርድ ከታሸገ ውስጡ ያልበዋልና ሙሉ በሙሉ ይብረድ። ዱቄት ለአየር የሚጋለጥበት ገጽ ሰፊ በመሆኑ፣ ክትፉን እንዳለ አኑረው ለሳምንት የሚበቃዎትን ብቻ ቢያስፈጩ እንመርጣለን። የሻገተ ካገኙ ያንን ዕቃ በሙሉ ይጣሉ፤ መንፋት አያድነውም።

ለወጥ ሲጠቀሙበት ክትፉን ቀድመው በጥቂት ውሃ ያርሱት፣ ደረቁን ዘይት ላይ ቢጨምሩት ቶሎ ያራልና፤ የራሰበትን ውሃም አብረው ይጨምሩት፣ በውሃ የሚሟሙት ውህዶች ከፊላቸው እዚያ ውስጥ ይገኛሉ።