በሰብአዊ ድርጅት ኢንተርን ለመሆን፦ ከሲቪው በፊት አንድ ገጽ ሥራ

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ከወላጆቼ ጋር የምኖር፣ የጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በድርቅና በምግብ ዋስትና ላይ በሚሠራ ሰብአዊ ድርጅት ኢንተርንሺፕ ፈልጌ ለብዙዎች ሲቪና ደብዳቤ ልኬ ነበር፤ የመለሰልኝ የለም። ገጠር ኖሬ አላውቅም። ያለ ክፍያ የሚቀበለኝ ባገኝስ ልግባ? (ደብዳቤዬን አያይዣለሁ።)

መልስ፦ እህታችን፣ ዝምታው ሁሉ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ዩኤስኤይድ እ.ኤ.አ. በ2025 ከተዘጋ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ፕሮጀክት የተቋረጠበት ድርጅት ብዙ ነው፤ የዓመታት ልምድ ያለው ባለሙያ ለጀማሪ ቦታ ሲያመለክት ይታያል። ይሁን እንጂ ደብዳቤሽም ችግር አለበት። «ለአየር ንብረት ለውጥ ጥልቅ ፍላጎት አለኝ» ብሎ ይጀምርና በዚያው ያልቃል። ያነበበው ሰው ሰኞ ጠዋት ብትመጪ ምን እንደሚያሠራሽ አያውቅም።

በእነዚህ ቢሮዎች የጀማሪ ሥራ የሚባለው በጣም ተራ ነገር ነው፦ ሳምንታዊ የገበያ ዋጋ ማስገባት፣ መጠይቅ ስልክ ላይ መጫን፣ የዝናብ ካርታ ማዘጋጀት፣ እርዳታ ከተከፋፈለ በኋላ ቤተሰቦች ስንት ኪሎ እንደደረሳቸው መጠየቅ፣ የተሰበሰበውን አጽድቶ በሁለት ገጽ መጻፍ። ከእነዚህ አንዱን ምረጪና ሠርተሽ አሳዪ። ካንቺ ትምህርት የሚቀርበው የዝናቡና የገበያው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ስለ አንድ ወረዳ የአንድ ገጽ ዘገባ አዘጋጂ።

ለምሳሌ ራያ ቆቦን ውሰጂ። የወረዳ ወሰኖችና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚሰበስበው የገበያ ዋጋ ኤችዲኤክስ በተባለው የመረጃ ቋት በነፃ ይገኛሉ። ለዝናቡ ቺርፕስ የሚባለው የሳተላይትና የጣቢያ ጥምር መረጃ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ይዟል፣ አንዱ ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ይሸፍናል። ካርታውን በኪውጂአይኤስ ሥሪ፤ ክፍያ የለውም። ቤት ውስጥ ኢንተርኔቱ ካስቸገረሽ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከደጃፍሽ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የክረምቱን ዝናብ ደምሮ ከረጅም ጊዜ አማካይ ጋር ያወዳድርና «መደበኛ» ብሎ ይጽፋል። ድምሩ መደበኛ ሆኖ ዝናቡ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ገብቶ፣ መሃል ላይ ጠፍቶ፣ በመጨረሻ በጎርፍ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ማሽላን የሚጎዳው መዘግየቱና መቋረጡ ነው። ስለዚህ የወሩን ሳይሆን የአሥር አሥር ቀኑን ዝርዝር አውርጂ። ከበልጉም ጋር አያይዢው፦ በቆቦ ቆላ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ የሚዘራው በሚያዝያና በግንቦት ርጥበት ነው፤ በልጉ ከቀረ ገበሬው ሐምሌ ላይ ወደ ጤፍ ይዞራል። መሬቱ አረንጓዴ ሆኖ በሳተላይት ይታያል፣ ጎተራው ግን እንደ ማሽላው ዓመት አይሞላም፤ ለከብት የሚሆነው አገዳም ይቀንሳል። ገጠር አለመኖርሽ የሚጎዳሽ እንዲህ ያለውን ሳታውቂ ካርታ ብቻ ካቀረብሽ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ የአካባቢውን የሰብል ቀን መቁጠሪያ አጥኚ፣ ከዚያ የመጣ የክፍል ጓደኛሽንም ጠይቂ።

ቦረናን ወይም ሶማሌ ክልልን ከመረጥሽ ስሌቱ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ አርብቶ አደሩን ያደቀቀው የግጦሽና የውሃ እጦት ነው። በዚያ የሚታየው ዋና ቁጥር የከብትና የእህል ምንዛሪ ነው፦ የአንድ ፍየል ዋጋ ለአንድ ኪሎ በቆሎ ዋጋ ሲካፈል። ለስሌት ያህል ፍየል 4,500፣ በቆሎ 50 ብር ቢሆን 90 ኪሎ ይመጣል። በአገራችን ሙሉ የሚባለው የእርዳታ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው፤ ስለዚህ ያ ፍየል ለስድስት ሰው ቤተሰብ የአንድ ወር እህል ሆነ ማለት ነው። በድርቅ የፍየሉ ዋጋ ወርዶ የበቆሎው ሲወጣ ወሩ ወደ ሁለት ሳምንት ያጥራል። እንዲህ አድርገሽ ብትጽፊው የትኛውም ኃላፊ ያነበዋል። መለኪያውን ግን አረጋግጪ። ጣሳና ቁና ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ ወደ ኪሎ ሳይቀየር የገባ ዋጋ ግራፉን ያበላሻል።

ቀጥሎ የቤተሰብ መጠይቁ አለ፤ በቃለ መጠይቅም ሆነ በጽሑፍ ፈተና ይህን ሳያነሡ አይቀሩም። የምግብ ፍጆታ ነጥብ የሚባለው ቤተሰቡ ባለፉት 7 ቀናት እያንዳንዱን የምግብ ዓይነት ስንት ቀን እንደበላ ይጠይቃል፤ ቀኑ በክብደቱ ይባዛል። እህልና ሥራ ሥር 2፣ ጥራጥሬ 3፣ አትክልት 1፣ ፍራፍሬ 1፣ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል በአንድነት 4፣ ወተት 4፣ ዘይት 0.5፣ ስኳር 0.5። እንጀራ 7 ቀን፣ ሽሮ 5 ቀን፣ ጎመን 2 ቀን፣ ዘይት 6 ቀን፣ ስኳር 4 ቀን የበላ ቤት 14፣ 15፣ 2፣ 3 እና 2፣ በድምሩ 36 ያገኛል። አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው መጣ። ቤቶች በሁለት መቁረጫ ቁጥሮች በሦስት ይመደባሉ፦ ከመጀመሪያው በላይ ያላለፈ «ደካማ»፣ በሁለቱ መካከል ያለ «ድንበር ላይ ያለ»፣ ከሁለተኛው በላይ «ተቀባይነት ያለው»። መቁረጫው 21 እና 35 ከሆነ ይህ ቤት «ተቀባይነት ያለው» ውስጥ ይገባል፤ ዘይትና ስኳር በየቀኑ በሚበላበት አካባቢ የሚሠራበት 28 እና 42 ከሆነ ግን «ድንበር ላይ ያለ» ይባላል። ያው ቤት፣ ያው ምግብ። የትኛውን መቁረጫ እንደተጠቀምሽ ያልጻፍሽበት ሠንጠረዥ ዋጋ የለውም፤ ካለፈው ዓመት ዘገባ ጋር ስታወዳድሪም ሁለቱ በአንድ መቁረጫ መሠራታቸውን አስቀድመሽ እዪ።

ስህተቱ ከየት እንደሚገባም እወቂ። እንጀራ 5 ቀን፣ ዳቦ 4 ቀን ተብሎ ለየብቻ ከተመዘገበ በኋላ ተደምሮ 9 ቀን ይሆናል፤ አንድ ምድብ ከ7 አያልፍም። ሻይ ላይ ጠብ የምትል ወተት እንደ ማጣፈጫ እንጂ እንደ ወተት ቀን አትቆጠርም። «መልስ የለም» ለማለት የተጻፈ 99 ሳይጸዳ ከቀረ አማካዩን ሰማይ ያደርሰዋል። ከሁሉ የባሰው ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ወተት ዜሮ ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ጥናት በጾም፣ ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ከተሠራ የነጥቡ መጨመር የፕሮጀክቱ ውጤት አይደለም። ይህ ስህተት ከውጭ የመጣ አማካሪን ሊያልፈው ይችላል፤ ከአራት ኪሎ ልጅ ግን አይጠበቅም። ቀንም እንዲሁ ነው፦ ኮቦ ወይም ኦዲኬ በተባሉት የስልክ መረጃ መሰብሰቢያዎች መጠይቅ ስትሠሪ የቀን ጥያቄውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፤ መረጃ ሰብሳቢው በጭንቅላቱ እንዲቀይር ከተተወ የሕፃናት ዕድሜ ይዛባል።

ከዚህ ሌላ ምግብ ሲያጥር ቤተሰብ ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቀውን የአምስት ጥያቄ የመቋቋሚያ ዘዴዎች መለኪያ (ከፍተኛው 56 ነው) እና የምግብ ዋስትና ችግርን ክብደት የሚመድበውን የአይፒሲን አምስት ደረጃዎች አጥኚ። የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የኢንተርኔት ትምህርት ቤት በምግብ ዋስትና ላይ ነፃ ኮርሶች አሉት፤ ሁለት ይበቃሽ፣ ሰርተፍኬት መደርደር ውስጥ አትግቢ። የኤክሴል ፈተና ይኖራል ብለሽ ጠብቂ፦ የተደጋገመ መዝገብ ማስወገድ፣ ቪሉክአፕ (ከሌላ ሠንጠረዥ ተዛማጁን ማምጣት)፣ ፒቮት ቴብል (ማጠቃለያ ሠንጠረዥ)። ሲቪውን ከሁለት ገጽ አታሳልፊ።

የት ትላኪያለሽ? በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያሉት በሁለት ይከፈላሉ። ካዛንቺስ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያው ኦቻ በሴክሬታሪያቱ ሥር ስለሆኑ ኢንተርኖቻቸው አይከፈላቸውም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ ዩኒሴፍና ፋኦ ግን የኪስ አበል አላቸው። በመጨረሻ ዓመትሽ ወይም ከተመረቅሽ ብዙም ሳይቆይ ካላመለከትሽ በሩ ይዘጋል፤ አንዳንዱ ስድስት ወር፣ አንዳንዱ አንድ ዓመት ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ «ልመረቅና አያለሁ» አትበዪ። ከ18 እስከ 26 ዓመት ላሉ ወጣቶች የተመድ ብሔራዊ በጎ ፈቃደኛ መንገድም አለ፤ የኑሮ አበል ይከፈልበታል።

ትልልቆቹን ብቻ ማሳደድ ግን አይመከርም። የአገር ውስጥ ድርጅቶች፣ ስታዲየም አካባቢ ዋና ቢሮው ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር፣ የእንስሳት መድን የሚሸጡ ኩባንያዎች፣ የከተማ ሴፍቲኔት የሚያስፈጽሙ የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። የተጠቃሚ ልየታና የክፍያ መዝገብ እንዴት እንደሚሠራ ግን ከዚያ የበለጠ የሚያሳይሽ ቦታ አዲስ አበባ ውስጥ አታገኚም። በ2023 እ.ኤ.አ. የምግብ እርዳታ ለወራት የቆመው እህሉ ለታለመለት ሰው አለመድረሱ ስለተደረሰበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መዝገብ አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ተፈላጊ ነው።

ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ አውጪ፤ የጊዜውን ርዝመትና የአማካሪሽን ስም ይያዝ። ኢሜይሉ ከ150 ቃል አይብለጥ፦ ማን እንደሆንሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የትኛውን ሥራ መሥራት እንደምትችዪ፣ ከመቼ እስከ መቼ ነፃ እንደሆንሽ፤ ያቺ አንድ ገጽም ከሲቪው ቀድማ ትያያዝ። ለሰው ሀብት ክፍል ብቻ ሳይሆን ለቅድመ ማስጠንቀቂያ ወይም ለክትትልና ግምገማ ክፍሉ ኃላፊም ላኪው። በእግር ከመሄድሽ በፊት ደውዪ፤ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ካዛንቺስና ፒያሳ የነበሩ ብዙ ቢሮዎች ተነሥተዋል፣ ጥበቃ ጋ የተተወ ወረቀት ደግሞ እዚያው ይቀራል።

ክፍያ የጠየቀሽ ሁሉ አጭበርባሪ ነው። ተመድ ለማመልከቻም፣ ለስልጠናም፣ ለምዝገባም ገንዘብ አይቀበልም። በቴሌግራም የመጣ ማስታወቂያን በድርጅቱ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ፈልጊው፤ ከሌለ ተዪው።

ያለ ክፍያውን በተመለከተ፦ ከወላጆችሽ ጋር ስለምትኖሪ ሦስት ወር ሊቻል ይችላል፣ ከዚያ በላይ ግን አንመክርም። ከመግባትሽ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ይሰጥሽ፦ የቅርብ ኃላፊሽ ማን እንደሆነ፣ በስምሽ የሚወጣ አንድ የተወሰነ ሥራ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ ማን እንደሚችል። ሁለተኛው ከሌለ ሦስቱን ወር ቃለ ጉባኤ በመጻፍና የውሎ አበል ፎርም በመሙላት ትጨርሺዋለሽ። ፊልድ ይወስዱኛል ብለሽም አትቁጠሪ፤ በጀትና የጸጥታ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ኢንተርን አብዛኛውን ጊዜ ቢሮ ይቀራል። ከሄድሽ ግን መጠይቁ ከእርዳታ ጋር እንደማይያያዝ ከመጀመሪያው ተናገሪ፣ አለበለዚያ መልሱ ሁሉ «ምንም የለንም» ይሆናል፤ የተጎዳ ሕፃን ፎቶ ደግሞ ስልክሽ ላይ አይቅር።

የመኸር ምርት ግምገማ የሚካሄደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ የበልጉ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፤ ቢሮዎቹ ተጨማሪ እጅ የሚፈልጉትም ያኔ ነው። ለመኸሩ ኢሜይልሽ ከመስከረም መጨረሻ ሳያልፍ ይውጣ፤ በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሺና ወደሚቀጥለው እለፊ።