ከሜሪላንድ ወደ ኮሎራዶ፦ ዕቃው መንገድ ላይ ሳለ የሚገኘው ዕረፍት

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በዚህ ክረምት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ለሥራ እንዛወራለን። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቁ በጁን አራተኛ ክፍልን ይጨርሳል። ከመሥሪያ ቤት ያገኘነው ፈቃድ ሦስት ሳምንት ነው። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ያሉትን አማቴን ማየትና ልጆቹን አንድ ሁለት ቦታ ማዞር እንፈልጋለን። ጊዜውን እንዴት እናብቃቃው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የአዲሱን ትምህርት ቤት መክፈቻ ቀን ጠይቁ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በኦገስት መጨረሻ ስለሆነ፣ እዚያም እንደዚያው ነው ብሎ የሚያቅድ ሰው ብዙ ነው። በአውሮራ አካባቢ ግን ትምህርት የሚጀመረው በኦገስት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ስለዚህ የእናንተ ወር ጁላይ ነው። የምትጾሙ ከሆነም ይመቻል፤ ጾመ ሐዋርያት ጁላይ 12 ይፈታል፣ ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል። አማትዎ ቤት ስትደርሱ ረቡዕና ዓርብ እንዳይሆን ብቻ አስተካክሉ።

ለጉብኝት ስትመርጡ ተራራ ተዉ። ተራራ ከአዲሱ ቤታችሁ ደጃፍ ላይ ታገኛላችሁ፤ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ከአውሮራ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ኮሎራዶ የሌላት ባሕር ነው። ስለዚህ ቤቱን ማሸግ ሳትጀምሩ ሁለት ሦስት ቀን ሜሪላንድ ባሕር ዳርቻ ላይ ላለችው ለአሳቲግ ደሴት ስጡ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን የቤይ ብሪጅ ድልድይ ስለሚጨናነቅ በሥራ ቀን ውጡ። በደሴቲቱ ላይ ሁለት የተለያዩ ፓርኮች አሉ። የስቴቱ ፓርክ የራሱን ክፍያ ይጠይቃል፣ የፌደራል የፓርክ ካርድ አይቀበልም። የፌደራሉ ክፍል ወደ ደቡብ ሲሄዱ ያለው ነው።

ለፌደራሉ ክፍል ደግሞ ምንም መክፈል የለባችሁም። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ያለው ቤተሰብ በመላው አገሪቱ ወደሚገኙ የፌደራል ፓርኮች በነፃ የሚገባበት ፈቃድ አለ፤ የሚያገለግለውም እስከ ኦገስት 31 ስለሆነ ልጃችሁ በጁን ቢጨርስም አላለፈበትም። ፈቃዱን ‹ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ› ከተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ አውጥታችሁ በወረቀት አትማችሁ ያዙት። ልጁ አብሯችሁ መሆን አለበት።

አሳቲግ የታወቀው በዱር ፈረሶቹ ነው። መልካቸው ለማዳ ይመስላል፣ ነገር ግን ይናከሳሉ፣ ይራገጣሉም፤ ቢያንስ 40 ጫማ ራቁ። የምግብ ሳጥን መክፈትም ያውቁበታል። እንጀራና ወጥ የያዘው የበረዶ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን መኪና ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጥ። ነፋስ በሌለበት ቀን ትንኙ ከባድ ስለሆነ ለልጆቹ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ልብስ ያዙ።

ጥያቄ፦ ዕቃው በጭነት መኪና ሲሄድ እኛ በራሳችን መኪና ቀስ እያልን ብንጓዝ ያዋጣል? የት የት እንደር?

መልስ፦ ያዋጣል፤ ጥሩው ዕረፍትም ይኸው ነው። ከስቴት ወደ ስቴት የሚሄድ ዕቃ ከተጫነ በኋላ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ የሌላ ሰው ዕቃም አብሮ ስለሚጫን። እነዚያን ቀናት ባዶ አፓርታማ ውስጥ ወለል ላይ እየተኙ ከመጠበቅ መንገድ ላይ ማሳለፍ ይሻላል። ግን በውሉ ላይ ‹ዕቃ ለመቀበል ዝግጁ የምንሆንበት የመጀመሪያ ቀን› በሚለው ቦታ የምትሞሉት ቀን አውሮራ በእርግጥ የምትገቡበት ቀን ይሁን። መኪናው ከዚያ ቀን በኋላ ደርሶ ተቀባይ ካጣ ዕቃው መጋዘን ይገባል፤ የመጋዘኑንና የድጋሚ ማድረሻውን ሒሳብ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የሚያነጋግራችሁ ራሱ አጓጓዡ ነው ወይስ ደላላ ብላችሁ ጠይቁ። ደላላው መኪና የለውም፣ በስልክ ርካሽ ዋጋ ነግሮ ሥራውን ለሌላ ይሸጠዋል፤ ዕቃው ከተጫነ በኋላ ዋጋው እጥፍ ሆነ የሚለው ጭቅጭቅ በአብዛኛው የሚነሳው ከዚህ ነው። የአጓጓዡን የዩኤስ ዶት ቁጥር (የፌደራል ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚሰጠውን መለያ) በፌደራሉ መዝገብ አጣሩ፤ ዕቃችሁን በአካል ወይም በቪዲዮ ሳያይ ዋጋ የሚቆርጥን ሰው ተዉት። ግምቱ አስገዳጅ ካልሆነ በሕጉ መሠረት ዕቃውን ሲያስረክብ ከግምቱ 110 በመቶ በላይ ሊያስከፍላችሁ አይችልም፤ ቀሪ ካለ ከ30 ቀን በኋላ ይጠይቃል። በነፃ የሚሰጠው መድን ደግሞ በፓውንድ 60 ሳንቲም ብቻ ነው፤ 40 ፓውንድ የሚመዝን ቴሌቪዥን ቢሰበር የሚደርሳችሁ 24 ዶላር ነው። ለሙሉ ዋጋ የሚሆነውን መድን ጠይቃችሁ ዋጋውን አወዳድሩ።

መንገዱ 1,700 ማይል ይጠጋል። ከፍሬድሪክ በሀይዌይ 70 ወጥታችሁ ሃንኮክ ስትደርሱ ወደ 68 ግቡ፤ ከዚያ ሞርጋንታውን ላይ 79ን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ዋሽንግተን፣ ፔንሲልቬንያ ላይ ተመልሳችሁ 70ን ታገኛላችሁ። በዚህ በኩል የፔንሲልቬንያን የክፍያ መንገድ ሳትገቡበት ታልፉታላችሁ፤ ከሃንኮክ አለፍ ስትሉም ሳይድሊንግ ሂል ላይ ተራራው እንደ ዳቦ ተቆርጦ ንብርብር ድንጋዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኮሎምበስ 400 ማይል ነው፤ ቢያንስ ሦስት ሌሊት እደሩ። እናት ልጅ ሊርቅባቸው ነው፤ አንድ ሌሊት አድሮ መሄድ ቅር ያሰኛል። ከዚያ ሴንት ሉዊስ 420 ማይል፤ 630 ጫማ ከፍታ ካለው ቅስት (ጌትዌይ አርች) አናት ላይ ለመውጣት ትኬት በቅድሚያ ግዙ። ካንሳስ ሲቲ ከሴንት ሉዊስ 250 ማይል ነው። የመጨረሻው 600 ማይል ሜዳ ስለሚያዳክም ሄይስ፣ ካንሳስ ላይ እደሩ እንጂ በአንድ ቀን አትጨርሱት።

አውሮራ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች፣ ግን ሜሪላንድ ተወልደው ያደጉ ልጆች ለከፍታ አዲስ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውሃ አብዝተው ይጠጡ፤ ትሬይል ሪጅ የተባለው መንገድ 3,713 ሜትር ስለሚደርስ ለሁለተኛው ሳምንት አቆዩት። ሮኪ ማውንቴን በሞቃቱ ወራት የመግቢያ ሰዓት ሲያስይዝ ቆይቷል፤ በድረ ገጹ አይታችሁ ውጡ።

ጥያቄ፦ እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፤ ለዜግነት ላመልክት ጊዜዬ ደርሷል። ከመዛወራችን በፊት ላስገባ ወይስ እዚያ ስደርስ?

መልስ፦ ስታመለክቱ በዚያ ስቴት ወይም የኢሚግሬሽን ቀጠና ቢያንስ ሦስት ወር የኖራችሁ መሆን አለባችሁ። ስለዚህ ከሜሪላንድ ሳይወጡ ያስገቡ፣ አለዚያ ኮሎራዶ ገብተው ሦስት ወር ይጠብቁ። አስገብተው ከሄዱ ጉዳዩ ወደ ዴንቨር ሊዛወር ይችላል። ዋናው ነገር ከተዛወሩ በኋላ ባሉት 10 ቀናት አድራሻዎን በኤአር 11 ቅጽ መቀየር ነው፤ ይህ ግዴታ ማመልከቻ ላላስገባ የግሪን ካርድ ባለቤትም ነው። ለፖስታ ቤት ማሳወቅ ይህን አይተካም። የጣት አሻራ ቀጠሮ ደብዳቤ በድሮው አድራሻ ቀርቶ ቀጠሮው ካለፈ ማመልከቻው እንደተተወ ሊቆጠር ይችላል። ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና የልጆቹ የትምህርት ማስረጃ ከጭነቱ ጋር አይሂዱ፣ ከእጃችሁ አይውጡ።

ሁለት ነገር እንጨምር። የሜሪላንድን ታርጋ ሳትመልሱ ኢንሹራንሱን አትሰርዙ፤ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጥራል። ኮሎራዶ ነዋሪ ከሆናችሁ በኋላ ለመንጃ ፈቃድ 30፣ ለመኪና ምዝገባ 90 ቀን ትሰጣለች። የጤና መድናችሁ በሜሪላንድ የመንግሥት ገበያ የተገዛ ከሆነ፣ ስቴት መቀየራችሁ አዲስ ለመግዛት 60 ቀን ይከፍትላችኋል፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ግን ከመውጣታችሁ በፊት ለሦስት ወር የሚበቃ አስሞሉ።

ጥያቄ፦ ምጣዱና ጀበናው ሳይሰበር እንዴት ይድረስ?

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ክዳን ለይታችሁ ሳህኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሉትና ሳጥን ውስጥ በጠርዙ አቁሙት፤ ተጋድሞ ሌላ ነገር ከተጫነበት ይሰነጠቃል። የጀበናውን ሆድ በተጨማደደ ወረቀት ሙሉ፣ አንገቱንና እጀታውን ለየብቻ በጨርቅ ጠቅልሉ፣ ከዚያ ከእናንተ ጋር በመኪናችሁ ይሂድ። ራሳችሁ ባሸጋችሁት ካርቶን ውስጥ ለተሰበረ ዕቃ አጓጓዡ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ቅቤና የሚበላሽ ምግብም አይጭኑላችሁም፤ በጁላይ የጭነት መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት የነጠረ ቅቤን አቅልጦ ፍራሹ ላይ ያፈሰዋል። በርበሬውና ሽሮው በድርብ ላስቲክ ታስሮ ከጭነቱ ጋር ቢሄድ ግድ የለም።