ከማሄ ፕራስሊን፦ ርቀቱ ስንት፣ በረራው ስንት ደቂቃ? (ጥያቄና መልስ)

ሲሸልስ ውስጥ ከደሴት ደሴት፣ በተለይ ከውጭ አገር ከሚገባባት ከማሄ ደሴት ወደ ፕራስሊን ደሴት ስለሚደረገው በረራ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ እዚሁ ልመልስ። ሥራዬ የበረራ ዕቅድ ማውጣት ነው። የሆቴል ነገር አልችልበትም።

ሙሽራው፦ ከማሄ ፕራስሊን ስንት ሰዓት ይፈጃል?

መላሽ፦ በቀጥታ መስመር 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረራው 15 ደቂቃ ያህል።

ስሌት ወዳድ፦ ጋሼ፣ በዚህ መስመር የሚበረው ትንሽ አውሮፕላን፣ ትዊን ኦተር፣ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ታዲያ 10 ደቂቃ አይበቃውም?

መላሽ፦ ጎበዝ! እንዲህ ጠይቁኝ። ካርታው ላይ የምታሰምሩትና አውሮፕላኑ የሚሄድበት መንገድ ለየቅል ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል። አውሮፕላን ደግሞ ሲነሳም ሲያርፍም ነፋሱን ፊት ለፊት ይገጥማል። የማሄ ማኮብኮቢያ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋ ነው። ፕራስሊን ያለችው ግን በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይነሳል፤ ከዚያ ወደ ግራ ይታጠፋል። የፕራስሊንም ማኮብኮቢያ አቅጣጫው ያው ስለሆነ ዞሮ ከሰሜን ምዕራብ ይገባል። ሲወጣና ሲወርድ ሙሉ ፍጥነቱን አይዝም። መሬት ላይ የሚሄድበትም ጊዜ አለ። ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ይሄን ሁሉ ይጨምራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከውጭ የምትገቡበትና የደሴቱ በረራ በተለያየ ቲኬት ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም። ቢያንስ 3 ሰዓት ተዉ።

ተጓዥ፦ ሲሸልስ ጥሩ ነው?

መላሽ፦ ምኑ? ጥያቄህን ለይተህ አምጣ።

የባሕር ልጅ፦ ጀልባው በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርሳል፤ ለምን በአውሮፕላን ትከስራላችሁ?

እናት፦ ሐምሌ ላይ ሞክሪው እስቲ! ልጆቼ ወደብ እስክንደርስ ሲያስመልሳቸው ነበር።

የባሕር ልጅ፦ እኔ ሚያዝያ ላይ ሄጄ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሐምሌ ላይ ባሕሩን የሚያናውጠው ያው ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ገና አልጀመረም።

አዲሷ፦ ከአዲስ አበባ ማሄስ? ቲኬቴ 14:00 ይላል።

ስሌት ወዳድ፦ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

እናት፦ በየትኛው አገር ሰዓት?

መላሽ፦ ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየአየር ማረፊያው የአካባቢ ሰዓት ነው። መነሻሽ አዲስ አበባ ከሆነ፣ አዎ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ርቀቱ 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሸልስ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። የመድረሻውን ሰዓት ከመነሻው ጋር ብቻ ካስተያየሽ ስትሄጂ በረራው የረዘመ፣ ስትመለሺ ያጠረ ይመስልሻል።

ሙሽራው፦ ስለዚህ ከማሄ ፕራስሊን ስንት ሰዓት ነው?

መላሽ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ።

አዲሷ፦ ቪዛስ?

መላሽ፦ ቪዛ አያስፈልግም፤ የጉዞ ፈቃድ ግን አስቀድመሽ በኢንተርኔት ሙዪ።

ተጓዥ፦ ኮኮ ደ ሜር የሚባለውን የሲሸልስ ዘንባባ ትልቅ ፍሬ ገዝቼ ልመለስ ብልስ?

መላሽ፦ ፈቃዱን ከሻጩ ተቀበል፤ ያለዚያ ከአገር አይወጣም። ፍሬው ብዙ ኪሎ ይመዝናል፤ የትንሿ አውሮፕላን የሻንጣ ገደብ ደግሞ ጠበቅ ያለ ነው። ደግሜ ልንገራችሁ፦ ስትመለሱም ቲኬታችሁ የተለያየ ከሆነ 3 ሰዓት ተዉ።