ከ«ጃስ» በፊት «ና»፦ ቡችላ ለምታሳድጉ ወጣቶች

«ምን አገባት ውሻ ከእርሻ» ብሎ የተረተ ሰው በቆሎ ጠብቆ አያውቅም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጅማ ወይም ኢሉ አባ ቦር ገጠር ሄዶ አንድ ሌሊት ማማ ላይ ቢያድር ተረቱን ይመልስ ነበር። የጫካ አሳማ እሸት ውስጥ ከገባ ጉዳቱ በበላው ብቻ አይለካም። አገዳውን እየጣለ፣ እየረገጠ፣ ግማሹን እየቀመሰ ነው የሚያልፈው። ገበሬው ጠዋት ሲነሳ የቤተሰቡ ቀለብ መሬት ላይ ተዘርሮ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አባትየው ብርድ ላይ ያድራል፣ ልጆቹ እያንቀላፉ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ውሻውም ሥራ ያገኛል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። አብዛኛውን ዘመኔን የሠራሁት በዚያው በደቡብ ምዕራብ ነው። የዕለት ሥራዬ ላምና በቅሎ ነበር፤ እሸት ሲደርስ ግን ውሻ ይበዛብኛል። ሰሞኑን ደግሞ ወጣቶች «ጋሼ፣ ቡችላ ገዝተናል፤ ለከርከሮ እንዴት እናሰልጥነው?» እያላችሁ ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ ታሳዩኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

በቪዲዮዎቹ ልጀምር። ብዙዎቹ የቴክሳስ ናቸው። እዚያ አዳኞች ውሾቹን በሥራ ይለያዩአቸዋል። አንዱ ዓይነት አሽትቶ ያገኝና አሳማውን ከቦ ይጮኻል እንጂ አይጠጋም። ሌላው፣ ብዙ ጊዜ ፒትቡል ወይም አሜሪካን ቡልዶግ፣ መጨረሻ ላይ ይለቀቅና ይይዛል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ያዡ ውሻ አንገቱና ደረቱ ላይ ወፍራም መከላከያ ለብሷል። የሚጮኸው ደግሞ ያለበትን የሚጠቁም ጂፒኤስ አንገቱ ላይ አለ። ስልካችሁ ላይ የምታዩት የመጨረሻዋን ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ልፋት ላይክ ስለማያስገኝ ማንም አይቀርጸውም።

አሳማውም አንድ አይደለም። የቴክሳሱ ከቤት አምልጦ ዱር የገባና ከአውሮፓ ከመጣ የዱር አሳማ ጋር የተዳቀለ መጤ ነው። ቁጥሩ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በግል መሬት ላይ ባለቤቱ ከፈቀደ ያለ አደን ፈቃድ መግደል ይቻላል። የእኛ ከርከሮና የጫካ አሳማ ግን የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ ያስጠይቃል። ጉዳቱ ከበዛባችሁ የወረዳውን የዱር እንስሳት ባለሙያ አነጋግሩ። ደግሞስ በአካባቢው አብዛኛው ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ሥጋውን አይበላም። ገድላችሁ ምን ልታደርጉት ነው? ስለዚህ እኔ የምጽፍላችሁ ከማሳ ስለሚያባርር ውሻ ነው። ገዳይ ውሻ የምትፈልጉ ከሆነ እዚህ ላይ እንለያይ።

ከማሠልጠናችሁ በፊት ማንን እንደምታባርሩ እወቁ። ከርከሮ የቀን እንስሳ ነው፤ ማታ ጉድጓዱ ይገባል። የጫካ አሳማ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ጎረቤቶቻችን ቦዬ የሚሉት፣ በብዛት ሌሊት ይወጣል። ወደ ምዕራቡ ጥቅጥቅ ደን ከገባችሁ ደግሞ ወንዱ ከ200 ኪሎ የሚያልፍ ትልቅ የደን አሳማ አለ። እሱ ያለበት ቦታ ላይ ወጣት ውሻ አይለቀቅም። በቃ።

ሰው የሚፈራው የከርከሮን ወደ ላይ የተቆለመመ ትልቅ ክራንቻ ነው። የሚቆርጠው ግን አጭሩ የታችኛው ነው። አፉ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ከላይኛው ጋር እየተፋጨ ስለሚሳል እንደ ምላጭ ነው። ገበሬው ውሻውን በጆንያ ጠቅልሎ ያመጣና «ትንሽ ወጋችው» ይለኛል። ሳየው ጭኑ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ደም እንኳ ብዙም የላትም። ጸጉሩን ላጭቼ፣ አጥቤ ጣቴን ሳስገባ ግን ከቆዳው ሥር እስከ ብሽሽቱ ይሄዳል። ሥጋው ከቆዳው ተላቋል፤ ውስጡ ጭቃና ጸጉር ገብቷል። እንዲህ ያለ ቁስል በሁለተኛው ቀን ነው የሚያብጠው። ያኔ ውሻው አይበላም፣ ይተኩሳል፣ ይሸታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሁሉም ሰው ቡችላውን መጀመሪያ የሚያስተምረው «ጃስ»ን ነው። ደስ ይላላ! ዶሮ ላይ ጃስ፣ ድመት ላይ ጃስ፣ የጎረቤት ልጅ ላይ ጃስ። ሁሉም ይስቃል። ማባረር ግን አስተማሪ አይፈልግም፤ ቡችላው ይዞት ተወልዷል። አስተማሪ የሚፈልገው ማቆም ነው። የሮጠውን ውሻ ከግማሽ መንገድ መመለስ ካልቻላችሁ ያላችሁ የዕድል ጉዳይ እንጂ ውሻ አይደለም። ዛሬ ከርከሮ፣ ነገ የሰው በግ፣ ከነገ ወዲያ የሰው ልጅ።

ቡችላውን ከእናቱ ሁለት ወር ሳይሞላው አትውሰዱት። ከመጣ ቀን ጀምሮ «ና»ን አስለምዱት። ሁለት ሆናችሁ ግቢው ውስጥ ራቅ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። አንዱ «ና!» ይበል፣ ሲመጣ ቁራሽ ይስጠው፤ ቀጥሎ ሌላው ይጥራው። አጭር ይሁን፣ ሳይሰለቸው ይብቃ። ሲለምድ ረጅም ገመድ አስራችሁ ወደ ሜዳ ውሰዱት። ገመዱ መሬት ላይ ይጎተት፤ ተጠርቶ እንቢ ሲል ብቻ ሰብሰብ አድርጉት። ፉጨትም ጨምሩበት፤ ድምፅ በሌሊትና በዝናብ ይጠፋል፣ ፉጨት ግን ይሰማል።

አንድ ነገር አደራ። «ና» ብላችሁ ጠርታችሁ አትምቱት። ጫማችሁን ቢበላም፣ ዶሮ ቢገድልም። ተጠርቶ የተመታ ውሻ ሁለተኛ ስትጠሩት ቆሞ ያያችኋል እንጂ አይመጣም። ደግሞም እውነቱን ነው።

«ተው»ም እንደዚሁ ነው። መዳፋችሁ ላይ ዳቦ ያዙ። ሊነጥቅ ሲል ጭብጥ አድርጉና «ተው» በሉ። አፍንጫውን ሲመልስ በሌላው እጃችሁ ስጡት። ይህችን ካወቀ ወደ በጎቹ ውሰዱት፣ በገመድ። በግ፣ ፍየል፣ ጥጃ፣ ዶሮ እያየ «ተው» የሚባል ውሻ ይሁን። አጠገባቸው ተኝቶ ማዛጋት እስኪጀምር ድረስ አትፍቱት። የሰው በግ የነከሰ ውሻ ዕዳው የእናንተ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ትቀመጣላችሁ።

ጆሮ መቁረጥ፣ በርበሬ ማብላት፣ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ማሰር ኃይለኛ ያደርገዋል የምትሉ አላችሁ። የሚያደርገው ፈሪና ተናካሽ ነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ከከርከሮ ሸሽቶ እንግዳ ይነክሳል። ገና ጨቅላ ሳለ፣ በተለይ እስከ ሦስት ወሩ፣ ብዙ ዓይነት ሰው፣ ድምፅና ከብት ይልመድ። የዚያን ጊዜ ያልለመደውን ኋላ ላይ ማስለመድ ፈተና ነው።

ሽታውን ማስተማር ከሁሉም ደስ የሚለው ክፍል ነው። ከአራት እስከ ስድስት ወር ጥርሱን ስለሚቀይር ጨርቅ ላይ መጓተቱን ተዉት፤ አፍንጫውን ግን አሠሩት። ከርከሮ ጭቃ ውስጥ ይንከባለልና ዛፍ ላይ ይታከካል። ያን ዛፍ ፈልጉ፤ ቅርፊቱ ላይ ደረቅ ጭቃና ሻካራ ጸጉር ታገኛላችሁ። አሮጌ ጨርቅ በደንብ እሹበት። ከዚያ በገመድ አስራችሁ ሣር ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ጎትቱት፣ መጨረሻው ላይ ቁራጭ ሥጋ አስቀምጡ። ጠዋት በጤዛ ሞክሩት፤ ፀሐይ ሲጠነክር ሽታው ይሳሳል። ከጊዜ በኋላ መንገዱን አጣምሙት። ሲያገኝ ጩኸቱን አመስግኑለት። «የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» ይሉ የለ? እኛ የምንፈልገው እሱን ነው። ርቀቱን ጠብቆ ዘለግ አድርጎ የሚጮኽ ውሻ መንጋውን ያስነሳል፣ እናንተንም ከማማው ላይ ይቀሰቅሳል፣ ጠዋት ደግሞ በአራት እግሩ ይቆማል።

ምግቡን አትናቁ። ጾም ሲገባ በየቤቱ ውሻውም አብሮ ይጾማል። ለትልቁ ችግር የለም፣ የሚያድገው ግን አጥንት እየሠራ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ከሥጋ ቤት የሚጣል ሳንባ ፈልጉለት። ሳንባውንና ጉበቱን ግን ቀቅሉት! ጥሬውን ከበላ ውሃ የቋጠረውን እባጭ አብሮ ይበላል፣ ከዚያ የሚወጣው ኮሶ ደግሞ ከውሻው ወደ ልጆቻችሁ ይመለሳል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ይህ ለድርድር አይቀርብም። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ማጠብ፣ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ መድኃኒት የለውም። ጸበልም ብትሄዱ፣ የአገር መድኃኒት ዐዋቂም ጋ ብትሄዱ፣ ክትባቱን አስቀድሙ። ያልተከተበ ውሻ የሚጎዳው ሰውን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ አብዛኞቹን ቀይ ቀበሮዎች የጨረሰው ከቤት ውሾች የተሻገረ ይኸው በሽታ ነው። በመላው ዓለም የቀሩት ደግሞ ከ500 አይበልጡም፣ ሁሉም እኛው አገር።

በእሸት ሰሞን ቤታችሁ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጨውና የክሊኒኩ ስልክ ቁጥር ይኑር። ቁስል ላይ ቡና ወይም አመድ አትነስንሱ፤ ኋላ እሱን ለማውጣት የምናጠፋው ጊዜ ለስፌት ይበቃ ነበር። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ እጠቡት። አንጀት ከወጣ ወደ ውስጥ አትግፉ፤ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ደግፋችሁ አምጡት። እናንተ የምትውጡትን ዲክሎፌናክና ፓራሲታሞል አትስጡት። ለውሻ መርዝ ነው። መርዝ ካነሳን፣ ማሳ ዳር ለአሳማ ብሎ መርዝ የሚያኖር ጎረቤት ካለ ቀድማችሁ አስተዉት። መጀመሪያ የሚያነሳው የእናንተው ውሻ ነው፣ ቀጥሎ ጥንብ አንሣው።

ታዲያ «ጃስ» መቼ ነው? ዓመት ሳይሞላው አይሁን፤ አጥንቱ አልጠናም። ልብ ያለው አሮጌ ውሻ ያለውን ጎረቤት ለምኑ። መቱ አካባቢ የማውቃቸው አንድ አባት የነበረቻቸው አሮጊት ውሻ እስከ ማሳው ቦይ ድረስ እየጮኸች ታባርርና ቦዩ ላይ ቀጥ ትላለች። አንዴ ሲያፏጩ ዞራ ትመጣለች። የአካባቢው ቡችሎች ሁሉ የተማሩት ከእሷ ነው። አጥፊ ውሻ ጋ ከላካችሁት ግን ጥፋቱን ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ከአሮጌው ጋር ልቀቁት፣ ከማሳው ዳር እንጂ ከመካከሉ አይሁን። አሳማዎቹ መውጫ ይኑራቸው፤ መውጫ ያጣ አሳማ ነው ዞሮ የሚወጋው። ግልገል ያላት እናት ካያችሁ አትልቀቁ፣ በጅራፍ ድምፅና በባትሪ ይብቃችሁ። መንጋው ድንበሩን ሲሻገር፣ ውሻው ገና መሮጥ እያማረው፣ አፏጩ። ከመጣ ከእሸቱ በፊት እሱን አብሉት። ካልመጣ ወደ ገመዱ ተመለሱ፤ ዘንድሮ ባይደርስ ለከርሞ ነው። ጠዋት ላይ ጭቃውን አጥባችሁ በጣታችሁ ጸጉሩን እየገለጣችሁ ብብቱን፣ ሆዱን፣ የጭኑን ውስጥ ፈትሹ። ትንሽ ቀዳዳ ካገኛችሁ እየዘለለ ቢሆንም ይዛችሁት ኑ። ሆዱ እስኪነፋ አትጠብቁ።