ሶኬቱ ገጠመ ማለት ፕሮሰሰሩ ይሠራል ማለት አይደለም

የሸዋሮቢቱ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጽሕፈት ቤትህ ያለው ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሩ (ሥራውን ሁሉ የሚያሰላው ዋናው ቺፕ) የኢንቴል ስድስተኛ ትውልድ አይ 3 ነው። ፈጠን እንዲልልህ ስምንተኛ ትውልድ አይ 5 ገዝተህ ቀየርክ፤ ልክክ ብሎ ገባ፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ። ከዚያ "ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ቦርድ) ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ" ተባልክ።

ቆይ፣ ገንዘብህን አታውጣ። ቦርድህ የተቃጠለ አይመስለኝም።

ሰውን የሚያሳስተው መግጠሙ ነው። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች የሚቀመጡበት ሶኬት ስሙ ኤልጂኤ 1151 ነው። ግን ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 የዴስክቶፑን ስምንተኛ ትውልድ ሲያወጣ ቅርጹን እንዳለ ትቶ በውስጡ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መስመር አደላደል ቀየረው። ስለዚህ ዋናው ቺፕሴቱ ነው፤ ማለትም ዩኤስቢውን፣ ዲስኩን፣ ኔትወርኩን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘው ቦርዱ ላይ ያለ ቺፕ። ኤች 110 ወይም ቢ 150 ከሆነ የሚቀበለው ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ነው። ስምንተኛና ዘጠነኛ የሚፈልጉት ኤች 310፣ ቢ 360 ወይም ቢ 365 ዓይነቱን ነው።

አሁን ገመዱን ከግድግዳ ንቀልና የድሮውን አይ 3 መልሰው። ከመመለስህ በፊት በስልክህ መብራት ሶኬቱን በጎን እየው፤ ስስ ፒኖቹ ያሉት ቦርዱ ላይ ስለሆነ አንዷ እንኳ ብትጣመም ላይነሳ ይችላል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ፔስት አድስ። ቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ አውጥተህ አምስት ደቂቃ ቆይና መልሳት። ከተነሳ ቦርዱ ደህና ነው፣ አይ 5ቱን ለሸጠህ ሰው መልስለት።

ፍጥነት ካስፈለገህ ርካሹ መንገድ እዚያው ቦርድ ላይ ስድስተኛ ትውልድ የሆነውን አይ 5 6500 መግጠም ነው። እውነቱን ንገረኝ ካልክ ግን፣ ሥራህ ጽሑፍና ፎቶኮፒ ከሆነና ማሽኑ አሁንም የሚሠራው በድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ መጀመሪያ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) አስገባበት። ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ልዩነቱን የምታየው እሱ ላይ ነው።

የለም፣ ቦርዱን እቀይራለሁ ካልክ ራምህን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) አውጥተህ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ዲዲአር 3 የተባለው የራም ዓይነት ዲዲአር 4 ቦታ አይገባም፣ መሃል ያለችው ክፍተት ቦታዋ ይለያያል፤ እንዳትታገለው። ኬዝህንም ለካ፤ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለው መጠን ያለው ቦርድ እስከ 24.4 በ24.4 ሳንቲ ሜትር ነው። በተለይ ማሽንህ የዴል ወይም የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተር ከሆነ ተጠንቀቅ። የእነሱ ፓወር ሰፕላይ (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ብዙ ጊዜ የተለመደውን ባለ 24 ፒን መሰኪያ አይዘውም፤ ቦርድ ገዝተህ መጥተህ የምትሰካው ታጣለህ። ያኔ ኬዝና ፓወርም ልትገዛ ነው፣ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ያገለገለ ቦርድ ከሆነ የካፓሲተሮቹን (ቦርዱ ላይ የቆሙት ትናንሽ ሲሊንደሮች) አናት እይ፣ ያበጠ ካለ ተወው። ሻጩ ፊትህ ያስነሳልህ። "ቤት ስትደርስ ይሠራል" የሚባል ነገር የለም።

እኛ ጋ ደብረ ብርሃን መጥተህ ከገዛህ ደግሞ ይህቺን ያዝልኝ። በዚህ ብርድ የቀዘቀዘ ቦርድ ጣርማበርን ወርዶ እናንተ ሙቀት ውስጥ እንደገባ ከላስቲኩ ቢወጣ ጠል ሊይዝ ይችላል። ላስቲኩን ሳትከፍት ሁለት ሦስት ሰዓት አቆየው። ስትገጥምም ዝተት ወይም ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጠው፤ ሱፍ ስታቲክ (በመፋተግ የሚፈጠር ኤሌክትሪክ) ያመጣል፣ እሱ ደግሞ ሳታየው ቺፑን ይገድለዋል። የመጣበት ካርቶን ይበቃሃል፣ ባዶ የኬዙን ብረት ነካ አድርገህ ጀምር።

አይ 3ቱ ሲነሳልህ የቦርዱን ስም ጻፍልኝ። ብዙ ጊዜ ራሙና ካርድ መሰኪያው መካከል በትልቁ ተጽፏል። ብር ከመክፈልህ በፊት ላከው፣ የትኛው ፕሮሰሰር እንደሚሄድለት አይቼ እነግርሃለሁ።