ከቤታቸው በርሜል ጀምሩ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት የሳይንስ መምህርት ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ለልጆቹ የወረቀት ማይክሮስኮፕ አግኝቻለሁ። መጀመሪያ ምን ላሳያቸው?» ጥያቄዋ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው።

ድሬዳዋ ሳስተምር ትምህርት ቤታችን አንድ ጥሩ ማይክሮስኮፕ ነበረው። ንብረት ክፍል ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል። ለማውጣት ሞዴል ይሞላል፣ ፊርማ ይለቀማል፣ ቁልፍ ያዡ ይጠበቃል። አንድ ቀን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የምትመጣ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ከቤታቸው በርሜል ውሃ በጠርሙስ ቀድታ መጣች። ውስጡ ቀጫጭን ነገሮች ይወራጫሉ። «ቲቸር፣ እነዚህ ዓይን አላቸው?» አለችኝ። ማይክሮስኮፑን ጠየቅሁ። «ልጆች ይሰብሩታል» ተባለ። በማግስቱም ጠየቅሁ፤ መልሱ ያው ነው። ጠርሙሱ መስኮት ላይ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ስንደርስ ክዳኑ ሥር ትንኞች ተሰብስበዋል። ልጅቷ አየቻቸው፤ ምንም አላለችም። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ይዛ አልመጣችም። በእርግጥ ዓይን አላቸው፤ ነግሬያታለሁም። ግን መስማት ሌላ፣ ማየት ሌላ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ያ ሰበብ አይሠራም። ማኑ ፕራካሽና ጂም ሲቡልስኪ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፎልድስኮፕ የሚታጠፍ ወረቀትና አንዲት ደቃቅ ሌንስ ነው። 140 ጊዜ ያህል ያጎላል። ቢወድቅም አይጎዳም። የሆላንዱ ማይክሮስኮፕ ሠሪ ሌቨንሁክም እ.ኤ.አ. በ1670ዎቹ የሐይቅ ውሃ ውስጥ ደቃቅ ፍጥረታትን ያየው በአንድ ሌንስ ነበር።

እናም ከቤታቸው ውሃ ጀምሩ። ድሬ ውስጥ ውሃ በበርሜልና በሮቶ ይጠራቀማል። በ2014 ዓ.ም. በደረቁ ወቅት ወባ ሲነሳብን ተመራማሪዎች ያገኙት አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለው ትንኝ የሚራባው እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። ለልጆቹ ከዚህ የቀረበ ሳይንስ የለም።

የትንኙን እጭ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚወራጨውን ክንፍ ያላወጣ ትንኝ፣ ግን በፎልድስኮፕ አትጀምሩት። ይተልቅበታል፤ የሚታየው ጭንቅላቱ ወይ ጅራቱ ብቻ ነው። ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡትና በእጅ አጉሊ መነጽር እዩት። የወባ ትንኝ እጭ የውሃው ገጽ ላይ አግድም ይተኛል። የሌሎቹ ትንኞች፣ የኩሌክስና የኤደስ፣ እጭ ደግሞ በመተንፈሻ ቱቦው ተንጠልጥሎ ቁልቁል ይዘቀዘቃል። ይህን ልጆቹ ራሳቸው ይለዩ። ፎልድስኮፑን ከበርሜሉ ግድግዳ ለተፋቀው አረንጓዴ ነገር አቆዩት፤ አንድ ጠብታ ይበቃል።

የዛሬ ወጣት መምህራን ስልክ ላይ ትቸኩላላችሁ። ሌንሱ ላይ ስልክ ገጥማችሁ ምስሉን ታዞራላችሁ። እኔ አልወደውም፤ ልጁ የራሱን ዓይን ሌንሱ ላይ ያስጠጋ። ደግሞ 60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል አንድ ማይክሮስኮፕ ብቻ ይዛችሁ ምን ልታደርጉ ነው? እሺ፣ በስልክ አሳዩ። ብቻ ልጆቹ ተራቸው ሲደርስ ፎልድስኮፑን ወደ ደመቀው ሰማይ እንጂ በቀጥታ ወደ ፀሐይ እንዳያዞሩት ተጠንቀቁ። የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ።

ስትጨርሱ ውሃውን ደረቅ አፈር ላይ ድፉት፤ እጩ ያለ ውሃ አይተርፍም። ልጆቹም ቤት ሲገቡ በርሜሉን ገጥመው ይክደኑ።