ከጦሳ ተራራ በላይ ስላለው ነፋስ ጠይቁኝ

ደሴ ነኝ። የላይኛውን ሰማይ ነፋስ በራዳር ስለመለካት ብዙ ዓመት አንብቤያለሁ። ያላችሁን ወርውሩ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ክረምት ላይ የታችኛው ደመና ወደ አንድ በኩል ሲሄድ፣ የላይኛው ስስ ደመና በተቃራኒው ይሄዳል። ዓይኔ ነው?

መልስ፦ ዓይንህ ልክ ነው ወንድሜ! ከታች ያለው እርጥበት ተሸክሞ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ደግሞ ሌላ ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሮጣል፤ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜም አለ። መነሻው ሩቅ ነው፤ በበጋቸው የቲቤት አምባና የእስያ ምድር ሲግል ከባሕሩ ጋር የሚፈጠረው የሙቀት ልዩነት ነው የሚነዳው። መስከረም ሲያልቅ ይከስማል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ራዳር አውሮፕላን ያያል፣ እሺ። ነፋስ ግን ምኑ ይታያል?

መልስ፦ አየር ወጥ አይደለም፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ይዘበራረቃል፣ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት ጥቂቱ ከዚያ ዝብርቅርቅ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ኢሱዙ ክላክስ እያደረገ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያልፍህ ይወፍራል አይደል? ተመልሶ የመጣው ሞገድም እንደዚያው ስለሚለወጥ ፍጥነቱ ይሰላል። ጃፓን ሺጋራኪ ያለው ራዳር ለዚህ ሥራ 475 አንቴና ተክሏል።

ጥያቄ፦ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይስ?

መልስ፦ እኔን የሚያስደንቀኝ ይሄኛው ነው። ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ የጠፈር ድንጋዮች ሌት ተቀን ይቃጠላሉ፣ ጭራቸውን ነፋሱ ይገፋዋል፣ ራዳሩ ያንን ጭራ ይከተላል። ደመና ቢኖር፣ ቀን ቢሆን ግድ የለውም። 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከእኛ በስተሰሜን ርቀው ባሉ አገሮች፣ ነፋሱ በብርዱ ወራት ከምዕራብ፣ በሙቀቱ ወራት ከምሥራቅ ይነፍሳል። ወደ ምድር ወገብ ሲጠጉ ግን በዓመት ሁለቴ ይገለባበጣል።

ጥያቄ፦ ማታ ከጦሳ የሚወርደው ብርድስ?

መልስ፦ አይገናኝም። ተራራው ሲቀዘቅዝ አየሩ ይከብድና ቁልቁል ይወርዳል፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ለገበሬው ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ ብዙ! ኤል ኒኞ (የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው ሲሞቅ) ሲመጣ ያ 15 ኪሎ ሜትር ላይ ያልኩት የምሥራቅ ነፋስ ይዳከማል፣ ክረምታችንም ይሳሳል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት ወሎን እንዴት እንዳደረጋት ሁላችንም አይተናል። ክረምቱን የሚተነብዩ ባለሙያዎች ከሚከታተሏቸው ምልክቶች አንዱ ይሄው ነፋስ ነው።